ሁለት ወረቀት፦ የኦቫሪ ካንሰርን በጊዜ ለመጠርጠርና በዘር የሚወረስ ስጋትን ለማወቅ

እኛ ዘንድ «የማህፀን ካንሰር» ሲባል ሦስት በሽታዎች በአንድ ስም ይጠራሉ፤ የማህፀን በር፣ የማህፀን ግድግዳና የኦቫሪ ካንሰር። ኦቫሪ ወይም እንቁልጢ የሚባሉት ከማህፀን ግራና ቀኝ ያሉ፣ እያንዳንዳቸው 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ያላቸው፣ እንቁላል የሚለቁ ሁለት አካላት ናቸው። የስሙ መደባለቅ ሰው ይጎዳል። ጤና ጣቢያ በአሴቲክ አሲድ የሚደረገው ቪአይኤም ሆነ የኤችፒቪ (የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ) ምርመራ የሚያየው የማህፀን በርን ብቻ ነው። ሆዷ መወጠር የጀመረ ሴት «አምና ተመርምሬ ነጻ ነሽ ተብያለሁ» ብላ ቤቷ ከተቀመጠች፣ ያ ምርመራ ኦቫሪዋን ጨርሶ እንዳላየ የነገራት የለም ማለት ነው። ለልጃገረዶች የሚሰጠው የኤችፒቪ ክትባትም እንዲሁ ነው። ምርመራውም ክትባቱም ሊቀሩ አይገባም፤ የሚጠብቁት ግን ከሌላ በሽታ ነው።

ምንም ምልክት በሌላት ሴት ላይ ተደርጎ በኦቫሪ ካንሰር መሞትን መቀነሱ የተረጋገጠ ምርመራ እስካሁን የለም። በብሪታኒያ ከ200,000 በላይ ሴቶችን ለዓመታት የተከታተለው ትልቅ ጥናት በ2021 እ.ኤ.አ. የመጨረሻ ውጤቱን ሲያወጣ፣ በየዓመቱ ደም መመርመርም ሆነ አልትራሳውንድ መታየት የሞቱን ቁጥር አልቀነሰም። ስለዚህ ጤነኛ ሆነሽ «ለማንኛውም ልታይ» ብለሽ በየዓመቱ ለዚህ ገንዘብ እንድታወጪ አንመክርም። የምንመክረው ሁለት ወረቀት ነው። አንዱ የራስሽ ሆድ የ30 ቀን መዝገብ ነው። ሁለተኛው የሦስት ትውልድ የዘር ሐረግ ነው። ሕክምናው በተሟላባቸው አገሮች ካንሰሩ ከኦቫሪ ሳይወጣ ከተገኘላቸው 10 ሴቶች 9 ያህሉ ከአምስት ዓመት በኋላም በሕይወት አሉ። በሆድ ውስጥ ከተሰራጨ በኋላ ግን ቁጥሩ ወደ 3 ገደማ ይወርዳል። ብዙዎቹ የሚመጡት ደግሞ ከተሰራጨ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ወረቀት፦ የ30 ቀን መዝገብ

የሚመዘገቡት አራት ነገሮች ናቸው። የሆድ መነፋት ወይም መወጠር፤ ከእምብርት በታች ወይም በዳሌ አካባቢ ሕመም፤ ትንሽ ቀምሶ መጥገብ ወይም ምግብ አልወርድ ማለት፤ ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣት ወይም ማጣደፍ። እነዚህን ያላየች ሴት የለችም። የሚያሳስበው ሁለት ነገር ሲገጥም ነው፦ ምልክቱ አዲስ ከሆነ፣ ማለትም ከጀመረ ዓመት ካልሞላው፣ እና በወር ከ12 ቀን በላይ ከታየ። የእኛ ወር ከጳጉሜን በቀር ሁልጊዜ 30 ቀን መሆኑ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው።

ከደብተር አንድ ገጽ ወስደሽ ከ1 እስከ 30 ቁጥር ጻፊ። ለመነፋት «ነ»፣ ለሕመም «ሕ»፣ ለቶሎ መጥገብ «ጥ»፣ ለሽንት «ሽ» በቂ ነው። ማታ ከመተኛትሽ በፊት የዕለቱን ሙዪ። አንድ መስመር ይህን ይመስላል፦ «ጥቅምት 9፦ ነ፣ ጥ። ግማሽ እንጀራ ጀምሬ ተውኩ።» ምንም ያልተሰማሽ ቀን ባዶ አይተው፤ ሰረዝ ይግባበት። ብዙ ጊዜ መዝገቡ የሚበላሸው የከፋው ቀን ብቻ ሲጻፍ ወይም ወሩ ሲያልቅ በግምት ሲሞላ ነው። ማስታገሻ የዋጥሽበት ቀንም ሕመሙ ቢጠፋልሽ እንኳ «ሕ» ይጻፍበት። መጻፍ የማይችሉ እናት ካሉ ባዶ ጣሳ አስቀምጪላቸው፤ ከአራቱ አንዱ በተሰማቸው ቀን ማታ አንዲት ፍሬ ባቄላ ይጣሉበት። ወሩ ሲሞላ ባቄላው ከ12 ከበለጠ መልሱ ተገኘ።

ወገብሽንም ለኪ። በየሳምንቱ እሁድ ጠዋት ከሽንት ቤት መልስ፣ ምንም ሳትቀምሺ፣ ቆመሽ፣ ትንፋሽሽን አውጥተሽ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር በእምብርትሽ ላይ አዙሪ። ሜትሩ ቆዳሽን ይንካ እንጂ አይጠብቅ። ሜትር ከሌለ መቀነትም ይሠራል፤ ከልብስ በላይ ሳይሆን በቆዳሽ ላይ አንድ ዙር አድርጊው፣ ጫፉ የደረሰበት ቦታ ላይ ቀለም ያለው ክር ስፊ። በሚቀጥለው እሁድ ጫፉ ክሩ ጋ ካልደረሰ የስንት ጣት ክፍተት እንዳለ ጻፊ። ማታ ተወጥሮ ጠዋት የሚጎድል ሆድ አብዛኛውን ጊዜ አየር ነው። ጠዋትም የማይጎድል፣ ከሳምንት ሳምንት እየሰፋ የሚሄድ፣ ፊትና ክንድ እየከሱ ሆድ ብቻ የሚጨምር ከሆነ ውሃ ወይም እጢ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ወሩ እስኪሞላ አይጠብቅም።

ጾም መዝገቡን ያደናግራል። በዐቢይ ጾም ሽሮና ባቄላ ሆድ ይነፋል፤ ውሎ አንዴ የሚበላ ሰውም ቶሎ ይጠግባል። ስለዚህ የዘንድሮውን ከአምናው ጾም ጋር አወዳድሪ። አምና በዚሁ ጾም አንድ እንጀራ ትጨርሺ ከነበረና ዘንድሮ ሩቡ ካቃተሽ ምክንያቱ ጾሙ አይደለም። ፋሲካ እስኪደርስ ቆይቼ ልየው ማለትም አያስፈልግም።

ወር ሳትጠብቂ የምትሄጂባቸውም አሉ፦ ካረጥሽ በኋላ ደም መታየት፣ በእጅ የሚዳሰስ እብጠት፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ሰገራም አየርም ሳይወጣ ማስመለስ፣ አንድ እግር ብቻ ማበጥ፣ ድንገት የመጣ ብርቱ የሆድ ሕመም። የመጨረሻው ኦቫሪ በራሱ ላይ ሲጠማዘዝ የሚመጣ ሊሆን ስለሚችል በሰዓታት ውስጥ ሆስፒታል መድረስን ይጠይቃል።

በጣና ዳር ሆድ ሲያብጥ

እዚህ የሆድ ሕመም ብዙ ስም አለው፤ ጨጓራ፣ አሜባ፣ ጃርዲያ፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን። አብዛኛውን ጊዜም እውነት ነው። በሐይቁ ዙሪያ ደግሞ የአንጀት ቢልሃርዚያ አለ፤ ለዓመታት ሳይታከም ከቆየ ጉበትን ጎድቶ ሆድ ውስጥ ውሃ ያቋጥራል። ችግሩ የሚመጣው ሰገራ ውስጥ እንቁላሉ ሲገኝ ፍለጋው እዚያ ላይ ሲቆም ነው። ውሃ ስትቀዳ፣ ልብስ ስታጥብ በኖረች ሴት ሰገራ ውስጥ ቢልሃርዚያ መገኘቱ ኦቫሪዋ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም፤ ሁለት በሽታ በአንድ ሆድ ይኖራል። መድኃኒቱን ትውሰድ፣ አልትራሳውንዱም ይታይ።

ሌላው የሆድ ቲቢ ነው። ይህን ሰፋ አድርገን እንናገር፤ በሁለቱም አቅጣጫ ሰው ስለሚጎዳበት። የሆድ ቲቢ ሆድ ውስጥ ውሃ ያቋጥራል፣ ያከሳል፣ እጢ የሚመስል ጓል ይሠራል፣ ለኦቫሪ ካንሰር የሚታዘዘውን ሲኤ 125 የተባለውን የደም ምርመራ እንኳ በመቶዎች ከፍ ያደርጋል። አልትራሳውንድ ብቻ አይታ «ተሰራጭቷል» ተብላ ቤቷ የተመለሰች ወጣት በ6 ወር የቲቢ መድኃኒት የምትድን ልትሆን ትችላለች። በተቃራኒው በግምት የቲቢ መድኃኒት ተጀምሮላት ወራት ያለፉባት ሴት ካንሰር ሊኖርባት ይችላል። ከሁለቱ የሚያወጣው ናሙና ነው፤ ከሆድ የተቀዳው ውሃ ለሴል ምርመራና ለቲቢ ይላካል፣ ካላስቻለም ከውስጥ ሥጋ ይወሰዳል። «ናሙና ተወስዷል? ውጤቱ ምን ይላል?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ጸበል የምትሄጂ ከሆነ መዝገብሽንና ካርድሽን ይዘሽ ሂጂ፤ የሆስፒታል ቀጠሮሽንም ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። ጸበልና ሕክምና አብረው ይሄዳሉ። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ፦ ሆዷ ውሃ ለቋጠረባት ወይም ለምታስመልስ ሴት በብዛት መጠጣት አንጀትን ሊያስጨንቅ ይችላል፤ መጠመቁና ትንሽ መቅመሱ ይበቃል።

ጤና ጣቢያ ስትገቢ

«ሆዴን ያመኛል» ብቻ ካልሽ የምትሰጪው የሰገራ ናሙና ነው፤ የተናገርሽው ወደዚያ ይመራልና። ወረቀቱን አውጥተሽ እንዲህ በይ፦ «ሲስተር፣ ከሁለት ወር ወዲህ ሆዴ ይነፋል። ባለፈው ወር ከ30 ቀን 17ቱን ጽፌያለሁ። ምግብ ቀንሻለሁ፣ ወገቤ ግን ከ82 ወደ 87 ሴንቲ ሜትር ሄዷል። የእናቴ እህት በ43 ዓመቷ ሆዷ አብጦ ሞታለች። ኦቫሪዬን በአልትራሳውንድ ማየት ይቻላል?» ቁጥር የያዘ ንግግር ቶሎ ይሰማል።

የሰገራ፣ የሽንትና የእርግዝና ምርመራ ቢታዘዝ አድርጊው። መድኃኒት ቢሰጥሽ ጨርሺው። ሕጋችን ግን አንድ ነው፦ ለአንድ ምልክት አንድ ዙር መድኃኒት፤ በሁለት ሳምንት ካልተሻለ ሁለተኛ ዙር አንቲባዮቲክ ሳይሆን አልትራሳውንድ። ዕድሜዋ ከ50 በላይ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ «የአንጀት ቁጣ» የተባለች ሴትም ኦቫሪዋ ሳይታይ መሄድ የለባትም። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆንሽ የሪፈር ወረቀቱን ከጤና ጣቢያ ጀምረሽ ያዢ፤ ያለ ሪፈር በቀጥታ ሆስፒታል መሄድ ወጪውን ወደ አንቺ ሊያዞረው ይችላል። የዘመኑ መዋጮ መከፈሉንም ከመንገድ በፊት አረጋግጪ። ከዘጌ ወይም ከደቅ በጀልባ የምትመጪ ከሆነ ወረቀቶችሽን ሁሉ በፌስታል ጠቅልለሽ ያዢ፤ ውሃ የነካው የሪፈር ማኅተም አይነበብም።

ባሕር ዳር ውስጥ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች ሪፈር ይቀበላሉ። ስትደርሺ የምትጠይቂው የማህፀንና ጽንስ ክፍልን ነው።

አልትራሳውንዱና የደም ምርመራው

በሆድ ላይ ለሚደረገው አልትራሳውንድ ፊኛ መሙላት አለበት፤ ከአንድ ሰዓት በፊት 4 ወይም 5 ብርጭቆ ውሃ ጠጥተሽ ሽንትሽን ያዢ። ባዶ ፊኛ ይዛ የገባች ሴት ኦቫሪዋ በአንጀት አየር ተሸፍኖ «አልታየም» ይባላል፤ ብዙዎች «አልታየም» የሚለውን «ምንም የለም» ብለው ይረዱታል። በብልት በኩል ለሚደረገው ግን ፊኛ ባዶ ይሁን፤ ኦቫሪን አጥርቶ የሚያሳየውም እሱ ነው። ወንድ የማታውቅ ልጅ ይህን ቀድማ ትናገር፤ በሆድ በኩል ይታይላታል።

ሪፖርቱ ላይ የእጢው መጠን በሦስት አቅጣጫ፣ በአንድ ወይስ በሁለት ጎን መሆኑ፣ ውስጡ ውሃ ብቻ ወይስ ጠጣር ክፍል ያለው መሆኑ፣ በግድግዳ የተከፋፈለ መሆኑ፣ ሆድ ውስጥ ውሃ መኖር አለመኖሩ መጻፍ አለበት። «ሲስት አለ» (ውሃ የቋጠረ ከረጢት አለ) ብቻ የሚል ወረቀት ይዘሽ አትውጪ። የወር አበባ በምታይ ሴት ላይ ውስጡ ንጹሕ ውሃ ብቻ የሆነ ከ5 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ሲስት አብዛኛውን ጊዜ በሁለት በሦስት ወር ራሱ ይጠፋል፤ ሊያስደነግጥሽ አይገባም።

ሲኤ 125 ከክንድ ደም ተወስዶ ይሠራል፤ መጾም አያስፈልገውም። በወር አበባ ሰሞን ግን አታሠሪው፤ ያንጊዜ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ከ35 በታች እንደ ደህና ይቆጠራል። እርግዝና፣ ማዮማ፣ የማህፀን ኢንፌክሽን፣ የጉበት በሽታና ቲቢም ከፍ ያደርጉታል። ገና ከኦቫሪ ካልወጣው ካንሰር ግማሽ ያህሉ ላይ ደግሞ ቁጥሩ ደህና ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ብቻውን ምንም አይወስንም።

ሐኪሞች ሦስት ነገር አባዝተው የስጋት ነጥብ ያወጣሉ። በአልትራሳውንድ ከአምስት መጥፎ ምልክቶች (የተከፋፈለ ሲስት፣ ጠጣር ክፍል፣ በሁለቱም ጎን መኖር፣ የሆድ ውሃ፣ ወደ ሌላ ቦታ መሰራጨት) ምንም ከሌለ 0፣ አንድ ካለ 1፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ካለ 3 ይሰጣል። ያላረጠች ሴት 1፣ ያረጠች 3። ሦስተኛው የሲኤ 125 ቁጥር ራሱ ነው። የ54 ዓመት፣ ያረጠች፣ በሁለቱም ጎን እጢና የሆድ ውሃ ያለባት፣ ሲኤ 125ዋ 90 የሆነ ሴት፦ 3 ሲባዛ በ3 ሲባዛ በ90፣ 810 ይሆናል። የ32 ዓመቷ፣ ሲስቷ የተከፋፈለ ብቻ የሆነና ሲኤ 125ዋ 60 የሆነችው፦ 1 ሲባዛ በ1 ሲባዛ በ60፣ 60። ከ200 በላይ ሲሆን ቀዶ ሕክምናው በማህፀን ካንሰር ስፔሻሊስት እጅ ቢሆን ይመረጣል። ነጥቡ የመጀመሪያዋን ወዴት እንደምትላክ ይነግራል እንጂ ካንሰር ነው ብሎ አይፈርድም።

ነጥቡ የማይሠራላቸው ልጃገረዶችና ወጣቶች ናቸው። ከ30 ዓመት በታች በሆነች ልጅ ጠጣር እጢ ከተገኘ ኤኤፍፒ፣ ኤችሲጂና ኤልዲኤች የተባሉት የደም ምርመራዎች ይታዘዙ። በዚህ ዕድሜ የሚመጣው ዓይነት በኬሞ (በካንሰር መድኃኒት) በጣም የሚድን ነው፤ ብዙ ጊዜም ሌላውን ኦቫሪና ማህፀኑን ሳይነኩ ማውጣት ይቻላል። «መውለድ እፈልጋለሁ» የሚለው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይነገር።

ቀዶ ሕክምናና ናሙናው

የሚያጠራጥር የኦቫሪ እጢ ላይ መርፌ ወግቶ ውሃውን መቅዳት አይደረግም፤ ውስጡ ያለው ከፈሰሰ ከአንድ ቦታ ያልወጣውን ካንሰር በሆድ ሙሉ ሊበትነው ይችላል። (ሆድ ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ መቅዳት ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ይደረጋል።) ከቀዶ ሕክምና በፊት «እጢው ሳይፈነዳ ሙሉውን ይወጣል ወይ? ሌላ ቦታ መኖር አለመኖሩ ይታያል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካንሰር ከሆነ የተለመደው መድኃኒት ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሰል ነው፤ በየሦስት ሳምንቱ፣ ብዙውን ጊዜ ስድስት ዙር።

ከቀዶ ክፍል የወጣውን ሥጋ ወደ ፓቶሎጂ (ሥጋው ወደሚመረመርበት ላብራቶሪ) የሚያደርሰው ቤተሰብ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ የሚጠፋ ናሙና ከሁሉ ያሳዝናል፤ ሴትዮዋ ሆዷ ተከፍቶ ምን እንደነበረባት ሳይታወቅ ትቀራለች። ዕቃው ሰፊ አፍ ያለውና ክዳኑ የማያፈስ ይሁን። ውስጡ 10 በመቶ ፎርማሊን ይሁን፤ ውሃም፣ ግሉኮስም፣ አልኮልም አይተካውም። ፎርማሊኑ ከሥጋው 10 እጥፍ ያህል ይብዛ። ትልቅ እጢ በትንሽ ጠርሙስ ከታጨቀ ዳር ዳሩ ደርቆ መሐሉ ይበሰብሳል። ስም እስከ አያት፣ ዕድሜ፣ የካርድ ቁጥር፣ የግራ ወይም የቀኝ መሆኑ በዕቃው ገላ ላይ ይጻፍ፤ በክዳኑ ላይ የተጻፈ ክዳኑ ሲለወጥ ይጠፋል። በዕለቱ አድርሱት። ውጤት ስትቀበሉ ሰሙ ላይ የተቀበረው ሥጋ፣ «ብሎክ» የሚሉት፣ የት እንደሚቀመጥና ቁጥሩ ስንት እንደሆነ ጠይቃችሁ ጻፉ። ነገ ልጆቿ ስለ ዘራቸው ሲጠይቁ የሚመልስላቸው እሱ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ወረቀት፦ የዘር ሐረግ

ከ100 የኦቫሪ ካንሰር ከ15 እስከ 20 የሚሆነው በዘር ከተወረሰ የዘረመል ለውጥ ይመጣል። እኛ ደግሞ ዘር መቁጠር እናውቃለን። ልጅ ከመዳሩ በፊት እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ እዚህ የሚያስፈልገው ሦስት ቤት ብቻ ነው። ለእኛ ይህ ወረቀት ከሌላው አገር ይበልጥ ያስፈልገናል። የቤተሰብ ስም የለንም፤ እናትና ልጅ በአንድ ሆስፒታል ቢታከሙ ካርዳቸው ላይ የሚያገናኛቸው ቃል የለም። ሁለቱን ገጽ ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ቤተሰብ ካልሆነ ማንም አይደለም።

ያለፈ ዓመት የግድግዳ የቀን መቁጠሪያ ጀርባው ሰፊ ነው፤ እሱን ወስደሽ በመሐል አጥፊው። ቀኙ የእናት፣ ግራው የአባት ወገን። ሴት ክብ፣ ወንድ አራት ማዕዘን። ላይ አያቶች፤ ቀጥሎ እናት፣ አባትና ወንድም እህቶቻቸው፤ ከዚያ አንቺ፣ ወንድም እህቶችሽና የአክስት የአጎት ልጆች። የሞተ ሰው ላይ ሰያፍ መስመር ይሰመራል። «አክስት» ብለሽ አትጻፊ፤ «የእናት እህት» ወይም «የአባት እህት» በይ። በእናት ብቻ ወይም በአባት ብቻ የሚገናኙትን ለይ። የክርስትና ልጅ፣ የጡት ልጅና በጉዲፈቻ ያደገ ልጅ የቤቱ ልጅ ነው፤ በዚህ ወረቀት ላይ ግን ደም ብቻ ይቆጠራል።

ለእያንዳንዱ በካንሰር ለተጠረጠረ ሰው የሚፈለገው የታመመበት ዕድሜ ነው፤ 50 ዓመት ትልቅ ወሰን ነውና። የልደት ቀን ካልታወቀ በዘመን ድርጊት አስይ። «በ77ቱ ድርቅ የመጀመሪያ ልጇን ታጠባ ነበር» ከተባለ፣ ያኔ 20 ዓመት ትሆናለች ብለሽ የተወለደችው 1957 አካባቢ ነው። የታመመችው በሚሊኒየሙ፣ በ2000 ከሆነ 43 ገደማ ነበረች። አንድ ሁለት ዓመት ቢሳሳት ግድ የለም።

ከሁሉ የሚያደክመው የሞትን ምክንያት መተርጎም ነው። «ነቀርሳ» ካንሰርም ነው፣ የሳንባ ነቀርሳ ሲባል ደግሞ ቲቢ ነው። «ሆዷን ነው»፣ «ውሃ ሞላባት»፣ «ጉበት ነው አሉ»፣ «ሰው ሠራባት» ሁሉ ከኋላቸው የኦቫሪ ካንሰር ሊኖር ይችላል። ስለዚህ የበሽታውን ስም ሳይሆን ያዩትን ጠይቂ፦ «እማማ፣ እህትዎ ሲታመሙ ሆዳቸው አብጦ ነበር? ውሃ ተቀድቶላቸው ነበር? ጡታቸው ላይ ቁስል ወይም እብጠት ነበር? ደም ይፈሳቸው ነበር? ስንት ወር ተኙ?» ያለ ደም ሆድ ብቻ ካበጠ ወደ ኦቫሪ ያደላል፤ ብዙ የደም መፍሰስ ከነበረ ወደ ማህፀን በር ወይም ወደ ማህፀን ያደላል። ቡና ሲፈላ፣ እንግዳ በሌለበት፣ ዘና ብለው ሲያወሩ ጠይቂ። ለቅሶ ላይ አይሆንም፤ ተዝካር ላይ ግን ዘመድ ሁሉ ስለሚሰበሰብና የሟች ነገር ስለሚነሳ ብዙ ይገኛል።

ወረቀቱ ሲያልቅ እነዚህን ፈልጊ፦ አንድም ቢሆን የኦቫሪ ካንሰር በቅርብ ዘመድ፤ ከ50 ዓመት በፊት የመጣ ወይም በሁለቱም ጡት የታየ የጡት ካንሰር፤ የወንድ የጡት ካንሰር፤ የቆሽት ካንሰር፤ ከ50 በፊት የአንጀት ወይም የማህፀን ግድግዳ ካንሰር። የአባት ወገን ባዶ ቢመስልሽ ቸኩለሽ አትዝጊው። አባትሽ ሦስት ወንድሞች ብቻ ካሉት ለውጡ በነሱ ውስጥ ሳይታይ አልፎ አንቺ ጋ ሊደርስ ይችላል። ወንድ ኦቫሪ ባይኖረውም ያወርሳል።

የዘረመል ምርመራው ለማን፣ በምን ቅደም ተከተል

ሲበላሹ ይህን ስጋት ከሚያወርሱት ዘረመሎች በጣም የሚታወቁት በ1994 እና በ1995 እ.ኤ.አ. የተለዩት ብራካ 1 እና ብራካ 2 ናቸው። ሥራቸው በሴል ውስጥ የተሰበረውን የዘረመል ክር መጠገን ነው። ተበላሽተው ሲወረሱ ጥገናው ይላላል። ለውጡ ካለበት ወላጅ ወደ እያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ከ100 ሴቶች በአጠቃላይ ከ1 እስከ 2 ብቻ በዕድሜ ዘመናቸው የኦቫሪ ካንሰር ይይዛቸዋል። ብራካ 1 ያለባቸው እስከ 80 ዓመታቸው ከ100 ወደ 44፣ ብራካ 2 ያለባቸው ወደ 17 ይደርሳሉ። ሊንች ሲንድረም የሚባለው ሌላ ለውጥ በአንጀትና በማህፀን ግድግዳ ካንሰር በኩል ይታወቃል፤ የኦቫሪንም ስጋት ይጨምራል።

መጀመሪያ የምትመረመረው የታመመችው ሴት ናት እንጂ ጤነኛዋ ልጅ አይደለችም። ጤነኛዋ ተመርምራ «የለም» ብትባል፣ ቤተሰቡ ውስጥ ያለው ለውጥ ምን እንደሆነ ስለማይታወቅ መልሱ አያረጋጋም። የኦቫሪ ካንሰር የተገኘባት ሴት ቤተሰቧ ውስጥ ሌላ ታማሚ ባይኖርም ምርመራው ይገባታል፤ በሕይወት ሳለችም ይደረግ፣ ደም ወይም ምራቅ ይበቃል። ከመክፈልሽ በፊት ላብራቶሪውን ጠይቂ፦ የትኞቹ ዘረመሎች ይታያሉ፣ ትልልቅ የጎደሉ ክፍሎችም ይፈለጋሉ ወይ፣ ናሙናው ወዴት ይላካል፣ ውጤቱን ማን ያስረዳኛል። ልጆች 18 ዓመት ሳይሞላቸው ለዚህ አይመረመሩም።

ውጤቱ ሦስት መልክ አለው፤ ተገኘ፣ አልተገኘም፣ ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ። ሦስተኛው በአፍሪካውያን ላይ ይበዛል፤ የዓለም የዘረመል መዝገብ ውስጥ ገና ጥቂት ስለሆንን ነው። በእሱ ተመርኩዞ ኦቫሪ አይወጣም፤ በየሁለት ዓመቱ ትርጉሙ ተለውጦ እንደሆነ ይጠየቃል።

ተገኘ ከተባለ የሚጠቅመው ልጅ ወልዶ ከጨረሱ በኋላ ኦቫሪንና የማህፀን ቱቦን ማስወጣት ነው፤ ለብራካ 1 ከ35 እስከ 40 ዓመት፣ ለብራካ 2 ከ40 እስከ 45 ባለው። ቱቦው አብሮ የሚወጣው ብዙው አደገኛ ዓይነት ከቱቦው ጫፍ ስለሚጀምር ነው። ስጋቱን 80 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ማረጥን ግን በአንድ ቀን ያመጣል፤ ሙቀት፣ የእንቅልፍ ማጣትና የአጥንት መሳሳት ስላለ የጡት ካንሰር ያልያዛት ሴት ስለ ሆርሞን ምትክ ከሐኪሟ ትነጋገር። ገና ለመውለድ ለምታስብ፣ የሚዋጥ የእርግዝና መከላከያ ለአምስት ዓመትና ከዚያ በላይ መውሰድ የኦቫሪውን ስጋት በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ጡትን በተመለከተ ያለው ስጋት አብሮ ይመዘን። መውለድና ማጥባትም ይቀንሳሉ፤ ስድስት ወልዳ ያሳደገች እናትም ግን ልትታመም ትችላለች። ምርመራ ሳይደረግ፣ በዘር ሐረጉ ላይ ምንም ሳይታይ፣ በፍርሃት ብቻ ኦቫሪን ማስወጣት አንመክርም።

ብዙ ቤተሰብ ውጤቱን የሚደብቀው «ዘራቸው በሽታ አለበት» ተብሎ የልጆች ጋብቻ እንዳይበላሽ ነው። ስጋቱ እውነት ስለሆነ አናጣጥለውም። ማወቅ ያለባቸው ግን መንደሩም ሽማግሌዎቹም አይደሉም፤ ወንድሞች፣ እህቶች፣ ልጆች፣ የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው። ለእነሱም በወሬ አይነገር። የውጤቱ ወረቀት ቅጂ ይሰጣቸው፤ የዘረመሉ ስም፣ የለውጡ ሙሉ ኮድ ከነፊደሉና ከነቁጥሩ፣ የላብራቶሪው ስምና ቀኑ ያለበት። ኮዱን የያዘች እህት የምትመረመረው ያንን አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ዋጋውም ይቀንስላታል፣ «የለብሽም» ከተባለችም መልሱ ሙሉ ነው። ኮዱ የጠፋባት እህት ግን ሁሉንም ከመጀመሪያው ታስነብባለች።